ሦስት ደቂቃ በቬንስላውስ

ስሚ፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ አላስምልሽም፤ ጓደኛዬ ሳያት ቀድማ አውቃለች። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ደግሞ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ በቃ።

ያን ቀን ሮተርዳም፣ ቤርስ ጣቢያ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ነው የወረድኩት። ሜትሮው ሊዘጋ ጢት ጢት ይላል፣ እኔ በሩ መሃል እግሬን አስገብቼ ቆሜያለሁ። እትዬ እናትነሽ የጨርቅ ቦርሳዋን አቅፋ ከኋላዬ «ቆይ እንጂ፣ ጋሽ ሙሉነህ ይድረሱ!» ትላለች። ጋሽ ሙሉነህ ደግሞ መደገፊያውን ይዘው እንደ ሙሽራ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ነጂው በድምፅ ማጉያ ሰደበን። በሆላንድኛ ስለሆነ እነሱ አልገባቸውም፣ እኔ ገባኝ። የዚያን ቀን ሥራዬ ይኼው ነበር፤ ለእነሱ የማይገባውን መስማት።

ጋሽ ሙሉነህ የመጡት ከአምስተርዳም ነው። ኒው ዌስት የሚባለው ሰፈር ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረዋል፣ የማኅበራችን ሊቀመንበር ናቸው፣ ሆላንድኛቸው ግን ገበያ ድረስ ነው። ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ደረታቸው ላይ የማኅበሩ ዓርማ፣ ብብታቸው ሥር ከአገር ይዘውት የወጡት ቡናማ የቆዳ ቦርሳ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ። ይህን እኔ ባልነግርሽ ራሳቸው በየአሥር ደቂቃው ይነግሩሽ ነበር።

የምንሄደው ቬንስላውስ ነው። አታውቂያትም፣ ማንም አያውቃትም። ከካፔለ አን ደን አይሰል በአውቶቡስ ሃያ አምስት ደቂቃ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ቦይ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ በቃ። ግን ከተማ ነኝ ትላለች። የራሷ ከንቲባ አላት፣ አሥራ ዘጠኝ የምክር ቤት አባላት አሏት፣ ኩራቷ ደግሞ ከሮተርዳም ይበልጣል።

ጊዜው ያ ሕግ የወጣበት ዓመት ሐምሌ ነው። መንግሥት የተቀመጠባት ሔግ ያሉት ትልልቆቹ «ከእንግዲህ የትኛውም ከተማ ስደተኛን በቤት ወረፋ ማስቀደም አይችልም» አሉ። ቬንስላውስ ተቆጣች። ስደተኛ ወዳ እንዳይመስልሽ! «በገዛ ቤታችን ማን እንደሚያድር ሔግን ምን አገባት?» ብላ ነው። ከንቲባዋ አንድ ዘዴ አመጣች። በከተማው ደንብ ላይ አንቀጽ ስድስት ብላ አስገባች፤ «በከተማችን መጦሪያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ በቤት ወረፋ ይቀድማል።» ሕጉን አልጣሰችም፣ በጎኑ ነው ያለፈችው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ሔግ ትቀጣናለች፣ ይሰረዝ» አሉ። ዘጠኝ ለዘጠኝ ተፋጠጡ። አንድ ሰው ቀረ፣ ሜኔር ቦክሆርስት። ዕድሜውን ሙሉ የቦዩን በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሽማግሌ። በጋዜጣ ላይ «ቤቱን የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልመርጥም» ብሎ ነበር።

ቤቱን የምታገኘው እትዬ እናትነሽ ናት። እዚያ መጦሪያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። የምትኖረው ግን ከከተማው ጫፍ፣ የስደተኛ ጣቢያ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ድርብ አልጋ ባለበት፣ አራት ሴቶች ሆነው። ጣቢያው ነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል። አንቀጽ ስድስት ካለፈ አፕልስትራት የሚባለው መንገድ ላይ ያለው ቤት ቁጥር አሥራ አራት የእሷ ነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ይዘውላታል። ከተሰረዘ ወደ ሰሜን፣ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ወደሚያስኬድ ሌላ ጣቢያ ይወስዷታል፤ ሥራው ቀረ፣ ሁሉም እንደ አዲስ። ያቀፈችው ቦርሳ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? የመጋረጃ ጨርቅ። እዚህ አገር ቤት ባዶውን ነው የሚሰጥሽ አይደል? እሷ መጋረጃውን ቀድማ ገዝታለች።

እና አሁን ዋናውን ስሚ። እትዬ እናትነሽ በየጠዋቱ ከምታጥባቸው አሮጊቶች አንዷ የሜኔር ቦክሆርስት እናት ናቸው። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። «ኔሽ ካልመጣች አልታጠብም» ብለው ያምጻሉ። ልጃቸው ይህን አያውቅም፣ ምክንያቱም እናቱን የሚጠይቀው እሑድ እሑድ ነው፣ እትዬ እናትነሽ ደግሞ እሑድ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ናት።

እዚህ አገር ማንኛውም ነዋሪ ስሙን አስመዝግቦ ምክር ቤቱ ፊት ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ሦስት። ከዚያ ማይኩ ይዘጋል። እትዬ እናትነሽ ስሟን አስመዘገበች፣ እኔ በእሷ ፈንታ ልናገር ተስማማን። ንግግሩን እኔና ሳያት ሦስት ሳምንት ጻፍነው፣ በፈተና መሃል፣ በስልክ ሰዓት እየያዝን፤ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። እትዬ እናትነሽ ግን በመጨረሻ ፈራች። «ያለ ሽማግሌ ብቀርብ ሰው የላትም ብለው ይንቁኛል» ብላ ጋሽ ሙሉነህን ጠራች፤ ያን ቀንም ከሥራ ወጥታ ልትቀበላቸው ሮተርዳም ድረስ መጣች።

አውቶቡሱ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«እስቲ ያንን ጽሑፍሽን» አሉ።

አማርኛውንም ጽፌው ስለነበር ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አነበቡት። የመጀመሪያው መስመር «ሜኔር ቦክሆርስት፣ ዛሬ ጠዋት እናትዎን ያጠበቻቸው ይህች ሴት ናት» ይላል።

«ሰላምታው የታለ?»

«የለውም። ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለን፣ ስለዚህ አንተ...»

«ማን?»

«እ...»

«አንተ? እኔ ነኝ አንተ? እናትነሽ ሰማሽ? ሁለት ሺህ አባወራ ጓድ ሊቀመንበር ሲለኝ የኖርኩትን ሰውዬ ይቺ የጥርስ ሽቦዋን እንኳ ያላወለቀች አንተ አለችኝ!»

«ልጅ ናት ጋሽ ሙሉነህ፣ እዚህ አድጋ ነው። ይቅር ይበሏት።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ» አልኩ። ፊቴ ነደደ።

«ደግሞስ ምን የሚሉት ነው ይሄ፣ እናትዎን ያጠበቻቸው? የሰውዬውን እናት በአደባባይ ራቁታቸውን ልታወጫቸው ነው? ይሄ አቤቱታ ነው ስድብ?»

«እሱ እኮ ማን እንደሆነች ማወቅ ነው የፈለገው...»

«ዝም በይ። እኔን ስብሰባ ልታስተምሪኝ ነው? አቤቱታ በልጅ አይቀርብም። ሽማግሌ የሚላከው ለምን መሰለሽ? እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል እንዳታጎድዪ። ቃል በቃል!»

እትዬ እናትነሽን አየኋት። ታውቃለች እኮ፣ ሳለማመድ ሰምታኛለች፣ አልቅሳበታለች። ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ታላቅ እያለ ምን ታደርጊዋለሽ ኑኃሚንዬ» አለች።

ትንሽ ቆዩና ደግሞ «ፈተና አለፍሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ። ባንዲራ ሰቀልን። የትምህርት ቤት ቦርሳዬንም አብረን ሰቀልነው፣ እዚህ እንደዚያ ነው የሚደረገው።»

«የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ሕክምና ገባች። አንቺ ቦርሳ ሰቀልሽ!»

እትዬ እናትነሽ ሳቀች። እንዳይቀየሟት ብላ ሳይሆን የምር፣ ከሆዷ ነው የሳቀችው። የእሳቸው ስድብ አልነበረም ያቃጠለኝ፣ የእሷ ሳቅ ነው። ሦስት ሳምንት እኮ ነው የጻፍኩላት።

ከዚያ ከቆዳ ቦርሳቸው ቴምር አወጡ። ለእትዬ እናትነሽ ሰጡ፣ ለእኔ አልሰጡም። ቴምሩን በሉና ወረቀቴን ለአራት አጥፈው ፍሬውን ተፉበት። ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ስንወርድ ቆሻሻ ውስጥ እንድጥልላቸው።

ከዚህ በኋላ «አሉ» አልልሽም። አለ ነው።

አዳራሹ ትንሽ ነው፣ የአሮጌ እንጨት ሽታ አለው። ከንቲባዋ፣ ወይዘሮ ሆቨንካምፕ፣ የብር ሐብሏን አጥልቃለች፤ ጫፉ ላይ የቦዩ በር ቁልፍ በትንሹ ተሠርቶ ተንጠልጥሏል። ስብሰባ የምትመራበት መዶሻ ከድሮው የቦይ በር እንጨት የተሠራ ነው ይላል ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ። መናገሪያው ላይ አንዲት አምፖል አለች፤ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ፣ ቀጭን ሴትዮ፣ በሩ ላይ ያዘችን። ተናጋሪው ተቀይሯል አልኳት። «ማን እንደሚናገር የእናንተ ጉዳይ ነው» አለችኝ። «ግን ትርጉሙም ሦስቱ ደቂቃ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ንገሪያቸው።»

«ምን አለች?» አለኝ ጋሽ ሙሉነህ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ አለች» አልኩት።

አዎ፣ አልኩት። እንደዚህ አትመልከቺኝ፣ ገና ነው።

ስማችን ተጠራ። ጋሽ ሙሉነህ ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አምፖሏ አረንጓዴ በራች።

«ክብርት ከንቲባ!» አለና ቆመ። ተረጎምኩ።

«ክቡራን የምክር ቤት አባላት! ክብርት ጸሐፊ! ክቡራን ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች!» ጥሪ የተደረገለት እንግዳ አልነበረም። ተረጎምኩ።

«በአምስተርዳምና አካባቢዋ በሚገኘው ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ በሴቶች ክፍል፣ በወጣቶች ክፍልና በራሴ ስም ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቀርባለሁ!» የሴቶች ክፍሉ ሁለት ሴት ነው፣ የወጣቶች ክፍሉ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩ።

ከዚያ የሆላንድን ሕዝብ አመሰገነ። ባሕሩን ስለገደቡ አመሰገነ። ላሞቹን አመሰገነ፣ እውነቴን ነው። በስደት ሲመጣ አየር ማረፊያ ሻይ የሰጠችውን ፖሊስ፣ ስሟን ባያውቅም፣ አመሰገነ።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽ። አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ነው፣ ሁለቱም ሆላንድኛው አይገባቸውም። እሱ ስለ ላም ሲያወራ እኔ በሆላንድኛ ስለ ፈለግኩት ማውራት እችል ነበር። ጽሑፌን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ሜኔር ቦክሆርስት፣ ዛሬ ጠዋት እናትዎን...» ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃኛል፣ ማንም አይነቃብኝም። ከንቲባዋ ራሷ ታየኛለች፣ ዓይኗ «እባክሽ ወደ ነገሩ ግቢ» ይላል። አወቅሁት። ኪሴ ውስጥ የቴምር ፍሬ የተጠቀለለባት ወረቀቴ ጭኔን ትወጋኛለች።

ቃል በቃል አይደል ያልከው? አልኩ በሆዴ። እንካ ቃል በቃል።

እንዲያውም ቀስ አልኩ። ነጥብ ላይ አረፍኩ። «የሴቶች ክፍል» የምትለዋን አልሰሙ ይሆናል ብዬ ደገምኩላቸው።

ብርቱካንማ በራ።

«ሲተርቱ፣ ከአንጀት ካለቀሱ...» ብሎ ተረት ጀመረ። ተረቱን ከነትርጓሜው አስረዳኋቸው፣ ሠላሳ ሰከንድ ወሰደ።

«እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ...»

ቀይ። ማይኩ ሞተ። ጋሽ ሙሉነህ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

ከንቲባዋ ተነፈሰች። «አመሰግናለሁ። ለተናጋሪው ጥያቄ ያለው?»

ሜኔር ቦክሆርስት እጁን አወጣ። የጀልባ መቅዘፊያ የሚያክል እጅ። «ጌታው የሚኖሩት የት ነው?»

ተረጎምኩ። የጋሽ ሙሉነህ ፊት በራ። «አምስተርዳም በይው! ዋና ከተማችሁ በይው!»

«አምስተርዳም። ዋና ከተማችሁ» አልኩ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ሜኔር ቦክሆርስት ቀላ። «እኔ ዛሬ የመጣሁት ሔግ ቬንስላውስ ላይ እንዳታዝ ድምፄን ልሰጥ ነበር» አለ። «አሁን ደግሞ አምስተርዳም መጥታ ስለ ላም ታስተምረኛለች። ሴትዮዋ ማን ናት? እስካሁን አልተነገረኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ድምፁ ለሰስ አለ። «ልጄ፣ የምትጨምሪው ነገር አለሽ?»

ጠበቀኝ። እውነቴን ነው፣ ጠበቀኝ። እናቱን ይመስላል፤ እትዬ እናትነሽ ስልኳ ላይ ፎቷቸውን አሳይታኛለች፣ ያው ሰማያዊ ዓይን።

ጋሽ ሙሉነህ ክርኔን ጎተተ። «ምን አለ? ወደደው?»

«አመሰገነዎት» አልኩ። ወደ ሜኔር ቦክሆርስት ዞሬ ደግሞ በሆላንድኛ «የለኝም። ተናጋሪው እሳቸው ናቸው» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ፣ ቁጭ አለ።

ለድምፅ የቀረበው ተቃዋሚዎቹ ያመጡት የይሰረዝ ሐሳብ ነው። ከንቲባዋ «አንቀጽ ስድስት ይሰረዝ የምትሉ?» አለች። ዘጠኝ እጅ ባንዴ ወጣ። ከዚያ ያ የመቅዘፊያ እጅ፣ ቀስ እያለ፣ አሥረኛ ሆኖ ወጣ። መዶሻው ጠረጴዛውን መታ።

«አሥር!» አለ ጋሽ ሙሉነህ የእትዬ እናትነሽን ጉልበት ጨብጦ። «ከአሥራ ዘጠኝ አሥር! አለፈ! እጅ ሲወጣ አላየሽም? እኔ በሰበሰብኩት ስብሰባ ሁሉ እጅ የሚወጣው ለድጋፍ ነው፣ ለተቃውሞ እጅ ያወጣ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም!»

እትዬ እናትነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ሆነ?» አለችኝ። «ኑኃሚንዬ፣ ሆነ?»

አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው «እሳቸው ነገሩሽ እኮ» የሚል ነው።

እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። ቀስ ብላ ነው፣ ተሸማቃ፣ ግን ምን ያደርጋል፣ እልልታ እልልታ ነው። አሥራ ዘጠኙም ዞሩ። ከንቲባዋ መዶሻዋን እንደያዘች ቀረች፤ ይህቺ ሴት ቤቷን ሲወስዱባት ለምን ትዘፍናለች ብላ ይሆናል። ሜኔር ቦክሆርስት ብቻ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ልብ በይ፣ በአጠገባችን ነው ያለፈው። እትዬ እናትነሽ ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሳችው።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ መንገዱ በአፕልስትራት ነው። ፀሐዩ ገና አልበረደም። እትዬ እናትነሽ ቁጥር አሥራ አራት ጋ ስትደርስ ቆመች። «አንዴ ብቻ፣ መስኮቱን ደግሜ ልለካው፣ ባለፈው ቸኩዬ ነበር» አለች። ከቤት ዕቃ መሸጫ በነፃ የሚወሰደውን የወረቀት ሜትር ከቦርሳዋ አወጣች። አንዱን ጫፍ ለጋሽ ሙሉነህ ሰጠችው፣ እሱም ሪባን እንደሚቆርጥ ባለሥልጣን ያዘላት። ሜትሩ አልደረሰም፣ ምልክት አድርጋ ቀጠለችው። ውስጡ ባዶ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ላይ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች የፎቶ ፍሬም ያነሱበት ነጭ ነጭ ቦታ። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አየች። ትንፋሿ መስታወቱ ላይ ቀረ።

«አንድ ሜትር ከሰማንያ ሦስት» አለችኝ። «ጻፊልኝ፣ እረሳዋለሁ።»

ስልኬን አወጣሁ። የተከፈተው ገጽ ንግግሬ ነበር። ከሥሩ 183 ብዬ ጻፍኩ።

«አየሽ ልጄ» አለኝ ጋሽ ሙሉነህ፣ አሁን ደግ ሆኗል። «በር የሚከፍተው ሰላምታ ነው። ለወደፊት ይጠቅምሻል።» የቀረውን ቴምር ሰጠኝ። በላሁት።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እትዬ እናትነሽ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች፣ «ተይ ተይ» እያለ አሳለማት። ወደ ጣቢያዋ ልትሄድ ስትለየን ደግሞ እኔን አቀፈችኝ። ቦርሳው መሃላችን ነበር፣ ጨርቁ ሲጨማደድ ተሰማኝ። «ስቄብሽ ነበር፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ ጆሮዬ ላይ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ። ቀስ ብለሽ፣ አንድም ሳታስቀሪ ነው የተረጎምሽላቸው። ነገ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ የስፌት መኪና የምታውሰኝ አለች፣ ቀኑን ሙሉ እሰፋለሁ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ! ደብዳቤው በሳምንቱ ይደርሳታል፣ በሆላንድኛ። ለማን አምጥታ እንደምታስነብበው ታውቂያለሽ አይደል?

ጋሽ ሙሉነህን ሮተርዳም የአምስተርዳም ባቡር ላይ ሰቀልኩት፣ በመስኮቱ እጁን እያወዛወዘልኝ ሄደ። እኔ ወደ ቤቴ፣ ወደ ሙርዋይክ የሚሄደውን ያዝኩ። ለሳያት ሁሉንም በድምፅ ላኩላት፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ፤ እሷ ሥራ ላይ፣ ሱፐርማርኬት ሒሳብ መቀበያው ጋ ነበረች፣ በእረፍቷ ሰማችው። እንድታጽናናኝ ነበር። ወይ እንድትስቅ። «ያ ሽማግሌ የሥራውን አገኘ» እንድትለኝ ነበር የጠበቅኩት። ሳያት ድምፅ አትልክም፣ ትጽፋለች። እስካሁን አላጠፋሁትም፣ እንዳለ ላንብብልሽ፤

«ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት ነው ያልሽኝ? ጎበዝ። በይ ለእትዬ እናትነሽም እንደዚያው ቃል በቃል ንገሪያት፤ ጨርቁን ሳትቆርጠው።»